ያለቁ ሳሙናዎች

«አባባ፣ ይቺን ሳሙና ይፈልጓታል?» አለ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ የፍሳሽ ቱቦውን በሁለት እጁ አንቆ እንደያዘ።

«የቷን ሳሙና?» አሉ የቤቱ ባለቤት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«ከላይ ያለችውን። አረንጓዴዋን።»

ጡረተኛው መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። ሳሙናዋ ሳስታ ሳስታ ቅጠል አክላለች። አንደኛው ጎኗ ሰርጎድ ብሎ የአውራ ጣት ማረፊያ ሠርቷል።

«እሷማ አልቃለች። ምን ታደርግልሃለች?»

«እሰበስባለሁ።»

«ምን?»

«ያለቀ ሳሙና።»

ጡረተኛው ሳሙናዋንም እሱንም ተራ በተራ አዩ።

«ለሥራህ ነው?»

«የለም፣ ለራሴ ነው። ለመዝናኛ ነገር።»

«ሰው ቴምብር ይሰበስባል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ ጡረተኛው፣ ነገሩን ወደሚያውቁት መንደር ለማስጠጋት።

«ቴምብር ውድ ነው አባባ።»

ጡረተኛው ሳሙናዋን በግራ እጃቸው አንስተው በወረቀት ጠቀለሉለት። ደጅ ድረስ ሲሸኙት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አዲስም አለ እኮ፤ ከቸገረህ አትፈር» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ አልሰበስብም። አዲስ ሳሙና ሁሉም አንድ ነው።»

በየቤቱ የሚገጥመው ይኸው ነው። ሰው ቧንቧው ሲፈነዳ የማያውቀውን ሰው ጫማውን እንኳ ሳያስወልቅ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ያስገባል፤ ያ ሰው ያለቀ ሳሙና ሲለምነው ግን ይደነግጣል። ባልደረቦቹ «ሳሙናው» ይሉታል። አይከፋውም። «ጎርፉ» የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ስለሚያውቅ፣ የራሱን ቅጽል ስም እንደ ምርቃት ነው የሚቆጥረው።

ነገሩ የተጀመረው ኪስ የማይነካ መዝናኛ ሲፈልግ ነው። አንዱ ጓደኛው እርግብ ያረባል፤ እርግብ ደግሞ እህል ትበላለች። ሌላው የድሮ ሬዲዮ ይገዛል፤ ሚስቱም ስለ እያንዳንዱ ሬዲዮ የምትለው አላት። ሳሙና ግን አይበላም፣ ቦታ አይፈጅም፣ ባለቤቱም «ውሰድልኝ» ይላል። እናም በረንዳው ላይ፣ በሩ የወለቀ አሮጌ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በየመደርደሪያው የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ደረደረ፤ በየክዳኑ ላይ አንዳንድ ያለቀ ሳሙና አስቀመጠ። ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ ነው። ለእሱ ግን እያንዳንዱ ሰው ነው። የሚቸኩል ሰው ሳሙና መሐሉ ሳይነካ ጠርዙ ያልቃል። የሚጨነቅ ሰው ሳሙና የጥፍር ምልክት አያጣም። ልጅ የበዛበት ቤት ሳሙና ድቡልቡል ነው፤ ሁሉም ወደየራሱ ስለሚጎትተው። አንድ መታጠቢያ ላይ ሁለት ሳሙና ግራና ቀኝ ተራርቀው ካየ፣ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል ማለት ነው፤ ያኔ አንዱን ብቻ ይለምናል እንጂ ምንም አይጠይቅም። አጥብቆ የሚጠላው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ያለቀውን ሳሙና አዲሱ ላይ የሚለጥፍ።

ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ሰው ሲጠይቃት፣ «ከመጠጥ ይሻላል» ብላ ታልፋለች። አንዳንድ ቀን ግን ከመሥሪያ ቤቷ መታጠቢያ ያለቀች ሳሙና በመሐረብ ጠቅልላ አምጥታ፣ ምንም ሳትል ከራት ሳህኑ አጠገብ ታኖርለታለች። ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱም አውርተው አያውቁም።

የዚያን ቀን ለምሳ ወደ ቤቱ የቸኮለው አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ብቻቸውን ስለነበሩ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ ከሩቅ አገር በልጃቸው ልመና መጥተዋል። ሐኪሙ አይቶ፣ በቀላል ቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ከዘገየ ግን ነገር ይበላሻል ብሏል። ቀጠሮው ነገ ነው። አማቱ በበኩላቸው፣ «ዓይኔ ደህና ነው፤ ትንሽ ደከም አለው እንጂ» ከሚለው ቃል ፍንክች አላሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ልብስ ሲያጥቡ ኖረው፣ ልጆቻቸውን በዚያ ያሳደጉ፣ ሰው በእጃቸው ሲመራቸው የማይወዱ ሴት ናቸው። የቧንቧ ሠራተኛው ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አንድም ቀን ቃላቸውን አጥፎ አያውቅም። አክብሮት ነው ይላል። ሚስቱ ፍርሃት ነው ትላለች።

ገና ከበሩ ሽታው ተቀበለው። ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ የሕፃን ሳሙና፣ የሬንጅ ሳሙና፣ ሁሉም በአንድ ላይ እየጮሁ። ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል።

«መጣህ አማች? ግባ ግባ። እግርህን ጥረግ።»

አማቱ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል፤ እጅጌያቸው እስከ ክርን ተጠቅልሏል፤ በእጃቸው የእንጨት ማማሰያ ይዘዋል። ደጅ ያለው ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በልብስ ተጨናንቋል።

«ይኸውልህ፣ የቤቱን ልብስ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት። ሳሙና ብፈልግ ብፈልግ የለም። ሚስትህ ፈሳሹን ነው የምትገዛው፤ ፈሳሽ ሳሙና ማለት ደግሞ ሽቶ የነካው ውሃ ነው። ኋላ በረንዳው ላይ እጄን ብሰድ፣ ጉድ! የሳሙና ቁርጥራጭ መዓት! እናንተ ልጆች አባካኞች ናችሁ። እሱን እዚያ ጥላችሁ ሱቅ ትሮጣላችሁ።»

የቧንቧ ሠራተኛው የመሣሪያ ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ትምህርት ቤቱ ሳለሁ የልጆቹን ቅሪት ለቅመን፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርገን፣ ቀቅለን እንቆርጠው ነበር። ከፋብሪካ የወጣው አይስተካከለውም። ግማሹን በትኩሱ አጠብኩበት፤ ግማሹ ይኸው።»

ጠረጴዛው ላይ፣ የዳቦ መጋገሪያው ትሪ ውስጥ፣ ጡብ የሚያህል ነገር ረግቷል። ሮዙ ከአረንጓዴው፣ ሰማያዊው ከቢጫው ተጣብቆ፣ የቀለም ቀቢ መወልወያ ጨርቅ ይመስላል። አንድ ጥግ ላይ፣ ሳይቀልጥ የቀረ ቀይ ጫፍ ብቅ ብሏል። የማን እንደሆነ አወቀው። የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር።

«ክዳኖቹንም አጥቤ ደርድሬልሃለሁ» አሉ አማቱ። «እያንዳንዱ ቁራጭ ክዳን ላይ ነበር እኮ። አይጥ እንዳይበላው ነው አይደል?»

«አዎ እማማ» አለ።

ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ መቀመጫው ክዳን ላይ ተቀመጠና ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ሳሙናዎቹን ቀቀሏቸው» አላት በሹክሹክታ።

«ማን?»

«እናትሽ።»

«ምን ማለት ነው ቀቀሏቸው?»

«በድስት።»

ሚስቱ አፏን ስትይዝ ተሰማው። ሳቅ ነበር፤ ግን ወዲያው ሌላ ሆነ። «ሁሉንም? ውይ… ውይ የኔ ጌታ።» ከፋርማሲው ወረፋ ጀርባ አንድ ሰው ስለ ሳል መድኃኒት ሲጠይቅ ይሰማል። «ስማኝማ። አንዲት ነገር እንዳትተነፍስ። እማዬን ታውቃታለህ፤ ካፈረች ሻንጣዋን አንጠልጥላ ነው የምትወጣው። ነገ ቀጠሮው ይለፍ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ምን አልኩ እኔ?»

«አንተ ምንም ሳትል ነው የምትቆጣው። በአፍንጫህ ትተነፍሳለህ። እሱንም ተወው።»

በአፉ እየተነፈሰ ወጣ።

አማቱ ምሳ አቀረቡለት፤ ሾርባና ዳቦ። ተቀምጦ ሲበላ፣ እንደ ወትሮው ሳህኑን ሳይሆን እሳቸውን አየ። ውሃ ሲቀዱለት ጣታቸውን ወደ ብርጭቆው አፍ አስገብተው ነው፤ ውሃው ጣታቸውን ሲነካ ያቆማሉ። ጨው ሲያቀብሉት እጃቸው ጠረጴዛውን እየዳሰሰ ሄደ፤ ስኳሩን አለፈ፣ ተመለሰ፣ አሸተተና ጨዉን አገኘ። ሁሉም ፈጣንና የሠለጠነ ነው፤ ላላስተዋለ ሰው የባለሙያ ሴት ቅልጥፍና እንጂ ሌላ አይመስልም። እሱም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የመሰለው።

«እማማ፣ የሳሙናው ቀለም አምሯል» አለ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ነጭ ሆነ አይደል? ሳሙና ነጭ ሲሆን ነው ደጉ።»

ትሪውን ዞር ብሎ አየ። ነጭ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረበትም።

ከምሳ በኋላ ወደ ገመዱ ወጣ። የተሰጣው ሸሚዝ፣ ቀሚስና አንሶላ ሚስቱ ትናንት ተኩሳ፣ አጣጥፋ ቅርጫት ውስጥ ያስቀመጠችው ነው። የቆሸሸው ልብስ፣ የእሱ የሥራ ቱታ ሳይቀር፣ ከበሩ ኋላ በሌላው ቅርጫት እንደተከመረ አለ። ማንም አልነካውም።

እዚያው ቆመ። በሥራው ሁልጊዜ ለደንበኞች የሚያስረዳው አንድ ነገር አለ፤ ጣሪያው ላይ የሚታየው እርጥበት ውሃው የሚያመልጥበት ቦታ አይደለም። ውሃው የሚያመልጠው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እየተሽሎከሎከ መጥቶ ነው እዚህ የሚወጣ። እርጥበቱ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማጥፋት ነው። እስካሁን ስለ ሳሙናዎቹ ሲያዝን ነበር። ማዘኑን አላቆመም፤ ብቻ ሌላ ሐዘን መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። እኚህ ሴት ምንም አያዩም። አንድ ሳምንት ሙሉ በቤቱ ሲመላለሱ፣ ጨርሶ አለማየታቸውን ማንም አላወቀባቸውም።

ሚስቱ አመሻሽ ላይ ገባች። በረንዳውን አንዴ አይታ ተመለሰች፤ ባሏን ስታልፍ ትከሻውን ጨበጥ አደረገችው። ለራት ሦስቱም ተቀመጡ። አማቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከዋጡ በኋላ፣ የጨረሱትን ጉዳይ እንደሚያሳውቁ ሆነው ተናገሩ።

«ነገ በጠዋት ወደ ቤቴ ነኝ።»

«እማዬ! ቀጠሮው እኮ ነገ ነው!»

«ቀጠሮው ለማያይ ሰው ነው። እኔ አያለሁ። የሚያይ ሰው ዓይን ላይ ስለት ምን ያደርጋል? የጎረቤቴ እህት ዓይኗን ካስነካች ወዲህ ሰማዩ ቢጫ ሆኖባት ቀረ።»

«ሰማዩን ተይው እስቲ። ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪሙ ልጅ ነው። ጢም እንኳ የለውም።»

«ጢሙን በምን አየሽው ታዲያ?»

«ድምፁ ላይ የለም!» አሉ አማቱ። ከዚያ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ወንበር ዞሩ። «አማችን ልጠይቅ። እሱ ዝምተኛ ነው፣ አይዋሽም። አማች፣ ዛሬ የሠራሁትን ዞረህ አይተሃል። ያን ሁሉ ልብስ፣ ያን ሁሉ ሳሙና። እስቲ ፍረድ። የማያይ ሰው ይህን ይሠራል?»

ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፤ እሷም የገባት አይመስልም።

«አይሠራም እማማ» ማለት ቀላል ነበር። ከጋብቻው ጀምሮ ሲለው የኖረው ዓይነት መልስ ነው። ቢለው ማንም አይከፋም፤ ሳሙናዎቹ የተጣሉ ቁርጥራጮች ሆነው ይቀራሉ፣ አማቱ ነገ ኮርተው ይሳፈራሉ፣ በሚመጣው ዓመት ደግሞ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጨውና ስኳር እያሸተቱ ይኖራሉ።

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የማያይ ሰው ነው የሠራው እማማ።»

ሚስቱ እግሩን መርገጧን አቆመች።

«ምን አልክ?»

«ያጠቡት የታጠበውን ልብስ ነው። ትናንት ተተኩሶ የታጠፈውን። የቆሸሸው ከበሩ ኋላ አለ፤ አልተነካም። ሳሙናው ነጭ አይደለም፤ ያልገባበት ቀለም የለም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ የተጣለ አልነበረም። የኔ ነበር። እሰበስበዋለሁ።»

«ሳሙና?»

«ያለቀ ሳሙና።»

«ምን ሊረባህ?»

ሰው ሁሉ ይህንን ይጠይቀዋል፤ እሱም «ለመዝናኛ» ብሎ ያልፋል። አሁን ግን እጁን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና የጡረተኛውን አረንጓዴ ሳሙና አወጣ። ወረቀቱን ገልጦ የአማቱ መዳፍ ላይ አኖራት።

አማቱ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዟት። ከዚያ ጣቶቻቸው በራሳቸው ጊዜ መሄድ ጀመሩ፤ ጠርዟን፣ ጀርባዋን፣ ያቺን የአውራ ጣት ጉድጓድ። አገላበጧት። ወደ ቀኝ እጃቸው፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ።

«ይሄ ሰውዬ ግራኝ ነው» አሉ።

የቧንቧ ሠራተኛው ሳሙናዋን ያነሳውን የጡረተኛውን ግራ እጅ አስታወሰ።

«ደግሞ ብቻውን ነው የሚኖር። የሌላ ሰው እጅ አልነካትም። ቀስ ብሎ ነው የሚታጠብ። ሽማግሌ ነው።»

«ጡረተኛ ናቸው» አለ። ያን ሁሉ ዘመን ሲሰበስብ፣ አንዲቱን ሳሙና እንኳ እንዲህ አድርጎ ያነበበለት ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

አማቱ ሳሙናዋን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ቆዩ።

«እንዲህ እንዲህ ያሉትን ነው የቀቀልኩት?»

«አዎ እማማ።»

«እጄ እኮ ነክቷቸዋል። ሥራ ቸኩዬ… ዓይኔ አለ ለማለት ቸኩዬ፣ እጄንም አልሰማሁት።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ለምን በምሳ ሰዓት አልነገርከኝም?»

«ፈርቼዎት።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈርቻለሁ።»

አማቱ አንዴ ሳቁ፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ። ከዚያ ልጃቸው ወዳለችበት ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ይቺ ደግሞ ጀመረች። ምን ያስለቅስሻል? የቀቀልኩት ያንቺን አይደለ።» ሳሙናዋን ለአማቻቸው መልሰው ሰጡት፤ ወረቀቱንም ጠረጴዛው ላይ ዳብሰው አግኝተው አቀበሉት። «ነገ የምትወስደኝ አንተ ነህ። እሷ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ እኔ እመለሳለሁ።»

የዓይን ክሊኒኩ መተላለፊያ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። ተራ ጠባቂዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አማቱ አዲሱን ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ ለአጠገባቸው ሰው ሁሉ የመጡት አማቻቸው ለምኗቸው መሆኑን ይናገራሉ።

«እጅ ታጥባችሁ ግቡ» አለች ነርሷ ለአስታማሚዎች።

የቧንቧ ሠራተኛው ወደ መታጠቢያው ሄደ። ቧንቧውን ሲከፍት ጎማው ማለቁን ከድምፁ አወቀ። ከዚያ ሳሙናውን አየ።

እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። የስንቱ ሐኪም፣ የስንቱ በሽተኛ፣ የስንቱ አስታማሚ እጅ አልፎበት መሐሉ ሟሙቶ ተበስቷል፤ ጠርዙ ብቻ እንደ ቀለበት ቀርቷል። አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። በቀዳዳው ውስጥ መተላለፊያው በሙሉ ይታያል።

«እህቴ» አለ ወለል ለምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ፣ «ይቺን ሳሙና ብወስዳት…»

«የቷን? እሷንማ ልጥላት ነበር» አለች፣ ከላይ እስከ ታች እያየችው። «ብቻ እንዲሁ ከያዝካት ትሰበርብሃለች። ቆይ፣ ከጓዳ ወረቀት ላምጣልህ።»

«እማማ ይግቡ!» ነርሷ ከበሩ ተጣራች።

ዞር አለ። አማቱ ተነስተው እስከ በሩ ሄደዋል፤ እዚያ ሲደርሱ ግን መቃኑን ይዘው ቀሩ። ነርሷ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ቀስ ብለው አስለቀቁ።

«አማች» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው እሱ ወደሌለበት በኩል ነበር የሚፈልጉት። «አማች፣ የት ሄድክ?»

የጽዳት ሠራተኛዋ ገና ጓዳ ውስጥ ናት፤ ወረቀት ስትቀድ ይሰማል።

ቀለበቷን ሳሙና ካነሳበት አስቀመጣት፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሄዶ የተዘረጋውን እጅ ያዘ።

«እጅህ ርጥብ ነው» አሉ አማቱ፣ ጥብቅ አድርገው እየያዙት።

«ታጥቤ ነው እማማ» አለ፤ ተያይዘው ገቡ።